የአጥንት ቤቱ ሳቅ

«እኔንና እማዬን በድምፅ የሚለይ ጆሮ በዚህ ሸለቆ ከተገኘ ፀጉሬን እላጫለሁ!» አለች ስማራንዳ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

ወይዘሮ ቬቱሪያን የፀጉሯ ነገር አላሳሰባቸውም። የአጥንት ቤቱ ኃላፊም፣ ጠራጊም፣ ቁልፍ ያዥም እሳቸው ናቸው። ቤቱ የድሮው ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ከወንዙ ዳር የተለቀሙ የዳይኖሰር አጥንቶችና ድንጋይ የሆኑ እንቁላሎች መስታወት ስር ተኝተውበታል። ጥግ ላይ አሮጌ ቴፕ አለ። ልጆች ሲመጡ ይከፈትና የስማራንዳ እናት ኦቲሊያ ትዘፍናለች፦

ይህ ሸለቆ ድሮ ደሴት ነበር፣
ዙሪያው ውሃ፣ ዙሪያው ባሕር፤
ቅጠል ሲያንሰው ያ ግዙፍ ሁሉ
በሬ አክሎ ቀረ፣ አጥሮ አካሉ።

ኦቲሊያ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች። ዘፈኑን ራሷ ገጥማ ራሷ ናት የቀዳችው። «ይህ እንቁላል ድንጋይ የሆነው፣ የማን ልጅ ነው? የአፈ ዳክዬ ነው!» የሚለው ላይ ስትደርስ፣ የጎረቤት ዝይ አንገቷን በመስኮት አስግጋ «ቋ!» አለች። ኦቲሊያ ሳቋ አመለጣት። ደግማ ልትቀዳው ብላ ነበር፤ በዚያው ቀረ። የመንደሩ ልጆችም ሳቁን የዜማው አካል አድርገው ተማሩት። ከብት ሲነዱ ይሁን ገላቸውን ሲታጠቡ፣ «አፈ ዳክዬ» ካሉ በኋላ ሳይስቁ አያልፉም።

ባለፈው የበረዶ ወራት ኦቲሊያ ሳንባዋን ታማ ሞተች። ቤት ውስጥ ፎቶዋ ተሰቅሏል፤ ፎቶ ግን አይስቅም። ትንሿ ልጇ ካትሪኔል ከመዋዕለ ሕፃናት ስትወጣ «እማዬ ጋ ልሂድ» ትላለች። መቃብሩን ማለቷ አይደለም፤ ቴፑን ነው። አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ጆሮዋን ትለጥፍበታለች። ስማራንዳም ታመጣታለች፤ ለእህቷ ስትል የመጣች ታስመስላለች እንጂ፣ እሷም ብትሆን ሳቁን ሳትሰማ የዋለችበት ቀን እራት አይወርድላትም።

አሁን ግን ጣጣ መጣ።

«ልጄ፣ አጥኚዎቹ እንቁላሉ የአፈ ዳክዬው ዳይኖሰር አይደለም፣ የአንገተ ረጅሙ ነው ብለዋል» አሉ ወይዘሮ ቬቱሪያ። «ከተማ ያሉት በመዘምራን አዲስ ዘፈን አስቀድተው ልከውልኛል። እኔ ልጆች ፊት ቆሜ ስህተት ላስተምር?»

«የመዘምራኑን ሰምቼዋለሁ! ቀብር ላይ ያሉ ነው የሚመስሉት። ደግሞ የተበላሸችው አንዲት ስንኝ ናት። እሷን እኔ በላዩ ልቅዳት፤ ሌላው የእማዬ እንዳለ ይቀራል።»

«ሳቁስ?»

«እስቃለኋ! መሳቅ ምን ችግር አለው?»

ወይዘሮ ቬቱሪያ ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲያው ታገሺ። ቅዳሜ ከተማ ስሄድ መጀመሪያ ቅጂ ላስወጣለት። ካሴቱ አንድ ነው፤ ሁለተኛ የለውም» አሉ።

«እሺ» አለች። ስማራንዳ እሺ ካለች የሰው አፍ ልታዘጋ ነው እንጂ እሺ ብላ አይደለም።

ሐሙስ ከሰዓት ሴትየዋ ፕሪም ለቀማ ሲወጡ ቁልፉን ለእሷ ተዉላት። ገባች፤ በሩን ዘጋች። መስኮቱ ላይ ፊቷን እያየች ሳቋን ተለማመደች። አንዱ የፍየል ሆነባት፤ አንዱ የመነኩሴ ሳል መሰላት። ሲጥማት ካሴቱን የእንቁላሉ ስንኝ ላይ አድርሳ ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ ተጫነች። «የማን ልጅ ነው? የአንገተ ረጅም ነው!» ብላ ዘፈነች፤ ሳቀችም። አጠንጥና ሰማችው።

«ልክ እማዬ!» አለች ለአጥንቶቹ። የሚቀጥለው ስንኝ መጀመሪያም አብሮ ተበልቷል፤ ያንን ማን ልብ ይለዋል ብላ ተወችው።

በማግስቱ የመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች ተግተልትለው መጡ። ካትሪኔል እንደ ልማዷ ቴፑ ስር ተቀመጠች። ወይዘሮ ቬቱሪያ ከፈቱት። ኦቲሊያ ስለ ደሴቱ ዘፈነች፤ ልጆቹም እየጮኹ ተከተሏት። እንቁላሉ ጋ ሲደርሱ «የአፈ ዳክዬ ነው!» አሉ በአንድ አፍ። ቴፑ ሌላ አለ። ልጆቹ ተያዩ። ሳቁ መጣ። አንድም የሳቀ ልጅ የለም።

ወይዘሮ ቬቱሪያ ዞረው ስማራንዳን አዩዋት። እጃቸው ሄዶ አፋቸው ላይ አረፈ። ስማራንዳ ያኔ ነው ያስታወሰችው። ካሴቱ አንድ ነበር።

ካትሪኔል ጆሮዋን ሳታነሳ፣ «መልሺው» አለች። «እማዬ ሳትስቅ አለፈች።»

ስማራንዳ መለሰችው። ያው መጣ። ልጅቷ እንደገና «መልሺው» አለች፤ ደግማ መለሰችው። ድሮ ሳቁ የነበረበት ቦታ የእሷው ሳቅ እየመጣ፣ በመጣ ቁጥር የባሰ የፍየል እየሆነ ሄደ።

«ሳቀች እኮ፣ የኔ ቆንጆ» አለች ስማራንዳ፣ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ። «አልሰማሽም እንዴ? ልክ እንደ ድሮው ነው የሳቀችው።»

ካትሪኔል ቀና ብላ ትክ ብላ አየቻት።

«እሱ አንቺ ነሽ» አለች። «እማዬ ዝይዋን አይታ ነው የሳቀችው። አንቺ ምን አይተሽ ነው?»