ያልተዘጉ ገጾች

የሸዋዬ ኮምፒውተር የጠጋኟ የዘይነት ሱቅ ሲደርስ ይሻለዋል፤ ቤቱ ሲመለስ ደግሞ ይብስበታል። አንዴም ሁለቴም በጋቢ ተጠቅልሎ፣ እንደ አራስ ልጅ ጭን ላይ ታቅፎ በባጃጅ ሄደ። አንዴም ሁለቴም «ምንም የለበትም» ተብሎ ተመለሰ።

«እትዬ ሸዋዬ፣ እስኪ እውነቱን ንገሪኝ፤ ቤትሽ ምን ታበይዋለሽ?» አለች ዘይነት በሁለተኛው ጊዜ፣ የማሽኑን ክዳን በካቻቪቴ እያጠበቀች። «እኔ ጋ ሲመጣ እንደ ጎረምሳ ይሮጣል። አንቺ ጋ ሲገባ ድርቅ ይላል።»

«እኔንጃ። እንደ ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ ሐኪም ሲያይ ይሻለዋል።»

«አቧራውን ነፋሁለት፤ ራሙን አውጥቼ ጠርጌ መለስሁ፤ ቫይረስ ፈለግሁ፣ የለም። እንግዲህ የቀረው ፎርማት ነው። ፎርማት ከተደረገ ያለው ሁሉ ይጠፋና ዛሬ እንደ ተወለደ ይሆናል።»

«አይሆንም» አለች ሸዋዬ።

ድምጿ ከፍ አላለም። ዘይነት ግን ካቻቪቴውን አስቀምጣ ቀና አለች። ድሮ አንድ ግቢ ተከራይተው ኖረዋል፤ ዘይነት ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበረች። የዚህችን ሴት «አይሆንም» ታውቀዋለች። አንዴ ከአፏ ከወጣ ለምነው አያስመልሱትም።

ዘይነት በሥራዋ አንድ ሕግ አላት። የሰው ኮምፒውተር የሰው ጓዳ ነው ትላለች። ስለዚህ የመጣላትን ማሽን ሁሉ በባለቤቱ ስም አትከፍተውም፤ በጎን የእንግዳ መግቢያ ትሠራና በዚያ በኩል ገብታ የሚጠገነውን ትጠግናለች። ባሏ ካሊድ «እንደ አማት ደጅ ቆመሽ ቤት ትጠርጊያለሽ» እያለ ይስቅባታል። የከተማው ሴቶች ግን ፎቶግራፋቸው የሞላበትን ኮምፒውተር ለማንም ሳይሰጡ ወደ እሷ የሚያመጡት በዚሁ ሕግ ምክንያት ነው። ሸዋዬም ይህን ታውቃለች። ታውቃለችና ዝም አለች።

ዝም ያለችበት ነገር ይህ ነበር።

ባሏ አንዳርጋቸው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ኃላፊ ነበር። ማንበብ ይወዳል፤ የሚያነበው ግን ወጥነት የለውም። ከዓሣ ወደ ፓምፕ፣ ከፓምፕ ወደ ንብ ይዘላል። ኢንተርኔት በጠፋበት ዓመት የከተማው ሰው ሁሉ እንደየአቅሙ መላ ሲፈልግ፣ እሱ ደግሞ የራሱን መላ አገኘ። መስመሩ ሳይቋረጥ የከፈታቸውን ገጾች አልዘጋም። እነሱን ደጋግሞ ያነባል። በገጹ ውስጥ ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ ነገር ካገኘ ይጫነዋል፤ አይከፈትም፤ ባዶ ነጭ ገጽ ይመጣል። እሱንም አይዘጋውም።

«ይኼን ባዶ ነገር ምን ልታደርገው ትሰበስበዋለህ?» ትለው ነበር ሸዋዬ።

«መረቤን ጥያለሁ» ይላት ነበር በመስኮቱ ወደ ጣና እያመለከተ። «እነዚያ ዓሣ አጥማጆች ማታ ጥለው ጧት አይደል የሚያዩት? መስመሩ ሲመለስ ራሱ ይጭነዋል።»

መስመሩ ሳይመለስ እሱ ሞተ። ልቡ ነው አሉ። ከሥራ ወጥቶ፣ ቤት ሳይደርስ።

ሸዋዬ በኮሌጅ የአፈር ሳይንስ ታስተምራለች። ከሐዘኑ በኋላ ወደ ክፍሏ ቶሎ ተመለሰች፤ ሙት ዓመቱም በሥርዓቱ ወጣ፤ ከሏንም ያለ ወሬ አወለቀች። ሰው «ጠንካራ ናት» አለ። ልብሱን ለዘመድ ሰጠች፤ ጫማውን ለዘበኛው። ኮምፒውተሩን ግን ዳንቴሉን አልብሳ እንደ ነበረ አስቀመጠችው። የፈተና ወረቀት ስታዘጋጅ ትከፍተዋለች። ከዚያ ብሮውዘሩን ትጫንና የባሏን ገጾች፣ በኮምፒውተሩ ማያ አናት እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድረው፣ ታያቸዋለች። አታነባቸውም። ማየቱ ይበቃታል። እሱ ተነሥቶ ውሃ ሊጠጣ የሄደ ይመስላል።

ከዚያ የቤቱ መስመር ተመለሰ፤ ኮምፒውተሩም መድረቅ ጀመረ። ብሮውዘሩ ሲከፈት ክቡ ምልክት ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ ማያው ይገረጣል፣ ከዚያ ምንም። በግድ አጥፍታ ስታስነሣው በማያው ላይ አንዲት ትንሽ ሣጥን ብቅ ትልና ትጠይቃታለች፤ ባለፈው ተከፍተው የነበሩት ገጾች ይመለሱ? ሸዋዬ ሁልጊዜ አዎ ትላለች። እንደገና ይደርቃል። እንደገና አዎ ትላለች።

ይህን ለዘይነት አልነገረቻትም። ብትነግራት «ዝጊያቸው» ትለኛለች ብላ ፈራች።

እንዲያ ብቻ ቢሆን ኮምፒውተሩ እንደ ደረቀ ይኖር ነበር። ነገር ግን ሩሐማ ደወለች። አዲስ አበባ በአንድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ የሆነች አንድ ልጇ ናት።

«እማዬ፣ ክረምቱን ከቤት ሆኜ እንድሠራ ፈቅደውልኛል። ከአንቺ ጋር መሆን እችላለሁ፤ ሙሉ ክረምቱን! የቢሮው ኮምፒውተር ግን ከቢሮ አይወጣም። የአባዬ ይሠራል?»

«ይደርቃል።»

«አሁንም? ፎርማት ይደረግ በቃ! ለአለቃዬ እስከ ሰኞ ነው መልስ የምሰጠው። መስመርና ኮምፒውተር መኖሩን አረጋግጪ ብሎኛል። ካልሆነ ለሌላ ሰው ይሰጡታል።»

«እስኪ ዘይነትን ላናግራት።»

«እማዬ» አለች ሩሐማ። «እንድመጣ ትፈልጊያለሽ አይደል?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?» አለች ሸዋዬ። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ዳንቴሉን በእጇ እያስተካከለች ብዙ ቆመች። የልጇ ጥያቄ አልነበረም የከበዳት። መልሱን በቶሎ አለመስጠቷ ነው።

ዓርብ ቀን፣ ካሊድ ለጁምዓ ሲሄድ ሱቁ ስለሚዘጋ፣ ዘይነት ሸዋዬ ቤት መጣች። ሻሿን እያስተካከለች ኮምፒውተሩ ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ማውሱን ግን አልነካችም።

«ዛሬ እኔ አልነካም። አንቺ ራስሽ ክፈቺው፤ እኔ ልይ። ሕመምተኛውን ቤቱ ድረስ መጥቼ ነው የማየው።»

ሸዋዬ አመነታች። ከዚያ ከፈተችው። ሣጥኗ ብቅ አለች፤ ይመለሱ? አለች። የሸዋዬ እጅ ማውሱ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ምን ትያታለሽ ሁልጊዜ?»

«አዎ ነው የምላት።»

«በዪያታ።»

ገጾቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰለፉ። በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ ክብ መሽከርከር ጀመረች። ማያው ገረጣ። ደረቀ። ዘይነት ፉጨት ልታፏጭ አፏን አሹላ ተወችው።

«ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?»

«የአንዳርጋቸው ነው።»

ዘይነት ወደ ማያው ጠጋ አለች። ውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማ፤ አለፈ።

«መቼ ነው መድረቅ የጀመረው?» አለች፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«መስመሩ ከተመለሰ ወዲህ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«በደንብ ይሠራ ነበር። ገጾቹም ነበሩ።»

«አንቺ ሴትዮ! ይኼን ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝም።»

«አልጠየቅሁሽም፤ ጓዳሽ ነው ብዬ!» ዘይነት ሳቀች፤ ሸዋዬም ፈገግ አለች። «አየሽ? አንቺ በጨዋነት ደበቅሽ፣ እኔ በጨዋነት አላየሁ፤ ኮምፒውተሩ በሁለት ጨዋ መካከል ሊሞት ነበር።»

ሸዋዬ አንገቷን ደፋች። ተማሪዎቿን በየዓመቱ የምትነግራቸው ነገር ትዝ አላት። አንድ ማሳ ለምን እንደማያበቅል ስትመረምሩ፣ ገበሬው ያልነገራችሁን ነገር ፈልጉ ትላቸው ነበር። እነሆ እሷው ገበሬዋ ሆና ተገኘች።

ዘይነት ተነሥታ ከኮምፒውተሩ ጀርባ የመስመሩን ገመድ ነቀለች። «አሁን አጥፊና ክፈቺው። አዎ በያት።»

ብሮውዘሩ ተከፈተ። አልደረቀም። ገጾቹ በጸጥታ ተሰልፈው ቆሙ፤ ብዙዎቹ ባዶ ነጭ ናቸው።

«ለንግሥ ቀን ወደ ዘጌ የሚሻገረውን ጀልባ አስቢው» አለች ዘይነት። «ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ልሳፈር ካለ ጀልባው ከወደቡ አይነቃነቅም። እነዚህም እንደዚያ ናቸው። መስመር በሌለበት ጊዜ ተጠርተው ሳይመጡ የቀሩ ናቸው። ያኔ ባዶ ስለነበሩ ለማሽኑ አልከበዱትም። አሁን መንገዱ ሲከፈት ሁሉም በአንድ ቀን መጣን አሉ።»

ሸዋዬ አንዱን ነጭ ገጽ አየችው። ከዚያ የሚቀጥለውን። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ባሏ ያነበበውን የምትጠብቅ መስሏት ነበር። ስትጠብቅ የከረመችው ሳያነበው የሞተውን ነው።

«ሩሐማ ልትመጣ ነው» አለች፤ ለማን እንደተናገረችው ሳታውቀው።

«እልልል! ታዲያ ምን እንጠብቃለን? አድራሻቸውን ሁሉ በአንድ ቦታ ላስቀምጥልሽ እችላለሁ፤ አይጠፉም። ከዚያ እዘጋቸዋለሁ።»

ሸዋዬ አሰበች። የአንዳርጋቸው መነጽርም በአንድ መሳቢያ ተቀምጧል። መሳቢያውን ግን ከፍታው አታውቅም።

«አይ። ካስቀመጥሁት አላየውም። ራሴን አውቀዋለሁ።»

«እና?»

«አንድ በአንድ ላንብባቸው። አንብቤ ልዝጋቸው።»

ዘይነት ሽቅብ ቁልቁል አየቻት። «እንግዲያው አንቺ እስክትነኪው ድረስ እያንዳንዱ ተኝቶ እንዲጠብቅ አደርገዋለሁ። ግን ቢተኙም ይከብዱታል፤ ማሽኑ አሮጌ ነው፤ ሩሐማ በዚህ ላይ ልትሠራ አትችልም። እስከ ሰኞ ጨርሺ።» ይህን አስተካክላ ገመዱን መልሳ ሰካችና በር ላይ ደርሳ ዞር አለች። «እኔ ላግዝሽ?»

«ጓዳዬ ነው» አለች ሸዋዬ።

«ገባኝ» አለች ዘይነት፤ ጉንጯን ስማት ወጣች።

ቅዳሜ ጧት ሸዋዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ጉማሬ ነበር፤ ዘጋችው። ሁለተኛው የንብ ቀፎ ስለሚወር ጉንዳን። ሦስተኛውን ስትነካው እጇን ከማውሱ አነሣች።

ስለ ዋልካ አፈር ነው። በክረምት ለምን እንደሚያብጥ፣ በበጋ ለምን እንደሚሰነጠቅ። የሚቀጥለውም ስለ አፈር ነው። ከእሱ የሚቀጥለውም፤ በይፋግ ሜዳ ሩዝ የሚያበቅለው ጭቃ ውሃ እንዴት እንደሚይዝ።

አንዳርጋቸው በሥራዋ ሲቀልድ ነው የኖረው። «አፈር ምኑ ይጠናል? መሬት ላይ ተዘርግቶ!» ይላት ነበር በሰው ፊት። ግን አንዳንድ ቀን ራት ላይ፣ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ጥያቄ ይጠይቃታል። «ለመሆኑ ሸዋ፣ ዋልካ ሲሰነጠቅ ሥሩን አይበጥሰውም?» እሷም ጉርሻዋን ረስታ እጇን እያወናጨፈች ታስረዳዋለች። እሱ እየበላ ያዳምጣል። ከየት ያመጣዋል ትል ነበር አንዳንዴ። ጠይቃው አታውቅም።

የምታወራው እንዳታጣ ጥያቄ ሲሰበስብላት ኖሯል።

ሸዋዬ ነጠላዋን በአፏ ላይ አደረገች። ከዚያ አወለቀችውና ወንበሩ ላይ ሰቅላ የዋልካውን ገጽ ማንበብ ጀመረች። መካከሉ ላይ ስትደርስ ቅንድቧ ተሰበሰበ።

«ስህተት ነው» አለች ጮክ ብላ ለባዶው ሳሎን። «አፈሩን የሚያሳብጠው ሸክላው ነው፤ ጨው ሌላ፣ ሸክላ ሌላ። ማን ጻፈው ይኼን?»

አስረዳች። እጇን እያወናጨፈች አስረዳች። ስትጨርስ ገጹን ዘጋችው፤ እንደፈራችው አልሆነም። የተመለሰን ጥያቄ መዝጋት እንደዚያ አይከብድም።

ቅዳሜና እሑድ በዚህ አለፉ። ማበጠሪያው እየሳሳ፣ ጥርሱ እየሰፋ ሄደ። አንዳንዱ ገጽ ጨርሶ አልመጣም፤ የጻፉት ሰዎች አንሥተውት ይሆናል፣ ይህ ገጽ የለም የሚል ብቻ ይወጣል። በእነዚያ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየች። ከአድራሻው ላይ ምን ሊጠይቃት እንደነበረ ገምታ ከራሷ መለሰችለት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልኳን አነሣች።

«ሩሐማ፣ ይሠራል። ነይ።»

«ፎርማት አደረግሽው?»

«አይ። ታሞ አልነበረም፤ ሥራ በዝቶበት ነው።»

ሐምሌ ሲገባ ሩሐማ መጣች። ዳንቴሉን አጣጥፋ ወደ ጎን አስቀመጠች፤ የመስኮቱን መጋረጃ ገለጠች፤ ወንበሩን ለቁመቷ አስተካከለች። ሸዋዬ ዳንቴሉን አንሥታ ቁምሳጥን ውስጥ ከተተችው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዝናቡ ከጣና በኩል እየጠረገ መጣና መብራት ሄደ። ሲመለስ ሸዋዬ ጓዳ ውስጥ ዓሣ እየጠበሰች፣ እጇ በዱቄት ተሸፍኖ ነበር።

«እማዬ!» አለች ሩሐማ ከሳሎን። ድምጿ ጥንቃቄ ነበረበት፤ ዘይነት ነግራታለች ማለት ነው። «የተከፈቱት ገጾች ይመለሱ ወይ ይላል። ምን ልበለው?»

ሸዋዬ የምጣዱን እሳት ቀነሰች።

«ያንቺ ናቸው እኮ፤ ሥራሽ ነው» አለች። «አዎ በዪውና ነይ ብዪ፤ ዓሣው ሳይቀዘቅዝ።»