ጋሽ ይለፉ

የጠርሙስ ፋብሪካው ሠራተኞች ሾፌራቸውን «ጋሽ ይለፉ» ይሉታል። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከአስተዳደር ክፍሉ ማህደር በቀር የሚያስታውሰው የለም። ሃያ ስድስት ዓመት ሰርቪስ ሲነዳ፣ ፍሬን ይዞ፣ ቀኝ እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ «ይለፉ» ያላለው ፍጡር አልነበረም። እግረኛውን ይለፉ፣ ብስክሌተኛውን ይለፉ፣ ከግቢው ወደ ኋላ የሚወጣውን የቤት መኪና ይለፉ። የኋላ ወንበር ቀልደኞች፣ «ጎማ ፈንድቶበት የቆመ መኪና ቢያገኝ እንኳ እስኪያልፍ ይጠብቀዋል» እያሉ ያሙታል። እሱ በስፖኪዮ አይቷቸው ፈገግ ይላል። ክላክስ ከነካ ዓመታት ያለፉት ሰው ነው፤ እንዲያውም ይሥራ አይሥራ እርግጠኛ አልነበረም።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ጨዋ ሰው ነበር። ጨዋነቱን ግን እንዲያው በነጻ አይሰጥም። ያሳለፈው ሰው እጁን ካላነሳለት ወይም ጎንበስ ካላለለት ቀኑን ሙሉ ቅር ሲለው ይውላል። ሚስቱ አመሉን ስለምታውቅ፣ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ «ዛሬስ ስንት ሰው አመሰገነህ?» ትለዋለች። ይነግራታል። ቆጥሮ ነው የሚመጣው።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሰርቪሱን ሞልቶ ወደ ፋብሪካው ይሄድ ነበር። መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ሁለት መኪና ጎን ለጎን ያስኬዳል፤ እሱ ቀኝ መስመሩን ይዟል። ከተሳፋሪው ግማሹ ያንቀላፋል፣ ግማሹ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ዜብራው ጋ ሲደርስ ስድሳ አምስት ዓመት የሚሆናት ሴት የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ቆማ አየ። የልብስ ሰፊ ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፣ ደረቷ ላይ ቡናማ ጨርቅ አቅፋለች፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ትላለች። ፍሬን ያዘና እጁን ዘረጋ።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው። እጇን አወዛወዘችና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ጋሽ ይለፉ ይህንን ያውቀዋል፤ በር ላይ የተገናኙ ሁለት ሰዎች «አንተ ቅደም፣ ኧረ አንተ ቅደም» እንደሚባባሉት ነው። ተሸንፎ አያውቅም። ደግሞ እጁን ዘረጋ። ከኋላው አንድ ታክሲ ክላክሱን ለቀቀው፣ ሌላውም ተከተለ። ሦስተኛ ጊዜ እጁን ሲዘረጋ ሴትዮዋ ጨርቋን ሰብስባ አስፋልቱ ላይ ወረደች። ዓይኗ መንገዱ ላይ አልነበረም፤ እሱ ላይ ነበር፣ ጎንበስ ጎንበስ እያለችለት። የእሱም ዓይን እሷ ላይ ነበር። ዘወትር እጁን ከማንሳቱ በፊት የግራውን ስፖኪዮ ያያል። ያን ዕለት አላየም።

አንዲት ነጭ አነስተኛ መኪና በግራ መስመር መጣች። የጎማ ፉጨት ተሰማ፣ ቀጥሎ ድም አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ብድግ አለ። ሴትዮዋ በጎኗ ወድቃ እግሯ ከሥሯ ታጥፏል፣ ጨርቁ አስፋልቱ ላይ ተዘርግቷል። የነጯ መኪና ሾፌር መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሁለት ወር ያልሞላው ጎረምሳ ነበር። አልሸሸም። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ለካ፣ ጻፈ፣ ጠየቀ። ጋሽ ይለፉ ቃሉን ሰጠ፦ «ዜብራ ላይ ለእግረኛ ቆምኩ። እሱ የቆመ መኪና ደርቦ አለፈና መታቸው።» ከዚህ ውስጥ አንድም ሐሰት አልነበረም። ስለ እጁ አልተጠየቀም፣ እሱም አልተናገረም። ትራፊኩ ደብተሩን ሲያጥፍ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ «እንዳንተ ያለ ሾፌር ቢበዛልን ኖሮ» አለው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ያልቆጠረው ምስጋና ያ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ እግሩ አላርፍ አለ። ረቡዕ ዕለት ንጹሑን ስፖኪዮ አራት ጊዜ ወለወለው። ዜብራ ላይ ይቆማል፣ ግራውን ያያል፣ ቀኙን ያያል፣ ደግሞ ግራውን ያያል፤ እግረኛው አልፎ ሄዶ እሱ እዚያው ነው። እጁ ሊነሳ ሲል መሪውን ጨምድዶ ይይዘዋል። ሐሙስ ዕለት ሠራተኛውን አሥራ አምስት ደቂቃ አስረፈደ። ቤት ሲገባ ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ በረንዳ ይወጣል፣ ይመለሳል።

«ምን ሆነሃል? ወንበሩ ይወጋሃል እንዴ?» አለችው ሚስቱ።

«ምንም አልሆንኩም።»

«ዛሬስ ስንት ሰው አመሰገነህ?» ልታስቀው ብላ ነበር። ተነስቶ ወጣ።

ዓርብ ጠዋት ሆዱ አልችል ሲለው ለስምሪት ኃላፊው ነገረው። ኃላፊው ሻዩን እያማሰለ እስከ መጨረሻው አዳመጠው።

«ዜብራ ላይ ቆመሃል?»

«ቆሜያለሁ።»

«ልጁ ደርቦሃል?»

«ደርቦኛል።»

«በቃ፣ በሕግ ንጹሕ ነህ። ስለ እጅህ ማን ጠየቀህ?»

«ማንም አልጠየቀኝም። ግን እኔ ባልጠራቸው አይገቡም ነበር።»

«ስማኝ፣ ይለፉ፣» አለ ኃላፊው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የዓመቱ ምስጉን ሾፌር ብለን ያንተን ስም ነው የላክነው። አሁን ሄደህ እጄ፣ እጄ ብትል ነገር ነው የምታወሳስበው። ሴትዮዋን ሄደህ ጠይቃቸው፣ ፍራፍሬ ነገር ያዝላቸው። ይኸው ነው።»

ምክሩ ለጊዜው ደስ አለው። ምክር እንዲህ ሲሆን ማንን ደስ አይለውም? ከሰዓት በኋላ ብርቱካን በፌስታል ይዞ ሆስፒታል ሄደ።

የአጥንት ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ስድስት አልጋ አለው። ልብስ ሰፊዋ መስኮቱ ሥር ተኝታለች፤ ግራ እግሯ እስከ ታፋዋ በጀሶ ታስሯል። ከራስጌዋ ሴት ልጇ ተቀምጣለች፣ ከግርጌዋ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነው ወንድ ልጇ ከነመሣሪያ ቦርሳው ቆሟል። ማንነቱን ሲነግራቸው ሁለቱም እጁን ይዘው አልለቅ አሉ። ልጅቷ ወንበሯን ለቀቀችለት።

«እርስዎ ነዎት የቆሙላት? እግዜር ይስጥልን፣ ጋሼ። ሁሉም ሾፌር እንደ እርስዎ ቢሆን እናታችን እዚህ አትተኛም ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ አየችው። አወቀችው። ከዚያ ዓይኗን ወደ ብርድ ልብሷ መለሰች።

«ፍርድ ቤት ይመሰክሩልናል?» አለው ወንዱ ልጅ። «ያ ልጅ ድንገት ገቡብኝ እያለ ነው።»

«እ... አዎ፣» አለ ጋሽ ይለፉ። ተቀመጠ፣ ወዲያው ተነሳ፣ ፌስታሉን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው።

ልጅቷ ድምፅዋን ቀነስ አደረገች፣ ግን እናቷ የማትሰማውን ያህል አይደለም። «ለነገሩ እሱም ሙሉ በሙሉ አልዋሸም፣ ጋሼ። ሱቋ እሷ በተነሳችበት የመንገዱ ወገን ነው። ቤቱም፣ ገበያውም በዚያው ወገን ነው። ማዶ ያለው የተዘጋ መጋዘን ግንብ ብቻ ነው። ወዴት ልትሄጂ ነበር ስንላት መልስ የላትም። ሐኪሙ ጭንቅላቷ ምንም አልሆነም ብሎናል። እንግዲህ ዕድሜ ነው። የምትሄድበትን ሳታውቅ መንገድ መሃል መግባት ጀምራለች።»

«ስለዚህ ሱቁን ልናከራየው ነው፣» አለ ወንድሟ። «ሰኞ እንፈራረማለን። የስፌት ማሽኖቹን የሚወስድም ተገኝቷል። እሷ እህቴ ጋ ትገባለች። ብቻዋን መውጣት ከእንግዲህ አይሆንም።»

«አይደል፣ እማዬ?» አለች ልጅቷ።

«ይሁን፣» አለች ልብስ ሰፊዋ ለብርድ ልብሱ።

ጋሽ ይለፉ ክው አለ። እሱ የተሰበረ እግር ሊጠይቅ ነበር የመጣው። እግሩ በሦስት ወር ይድናል ብለውታል። አርባ ዓመት የሠራችበትን ሱቅ በሰኞ ፊርማ ሊወስዱባት መሆኑን ማንም አልነገረውም። «ውኃ ልጠጣ» ብሎ ወጣ። ኮሪደሩን ሄዶ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። ደረጃውን አንድ ፎቅ ወረደ። መሄድ ይችላል፤ ሁሉም እያመሰገኑት መሄድ ይችላል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንድ አስታማሚ ቆም ብሎ መንገድ ለቀቀለትና «ይለፉ» አለው። ዞሮ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ።

«ስሙኝ፣» አለ አልጋው ጋ ሳይደርስ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰ። «እሳቸው ጥፋት የለባቸውም። እኔ ነኝ የጠራኋቸው። በእጄ ይለፉ አልኳቸው። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። ስፖኪዮ አላየሁም፤ በግራ የሚመጣ ይኑር አይኑር ሳላይ ነው የጠራኋቸው። ለትራፊኩም ይህን አልነገርኩትም።»

የጎረቤት አልጋ ታማሚ እንኳ ቀና አለ። ወንዱ ልጅ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ። የሚመታው መስሎት ጋሽ ይለፉ አልሸሸም፤ ቢመታው ደስ ይለው ነበር።

«እና ልትሻገር ቆማ ነበር ማለት ነው?» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

«አዎ። ግራና ቀኝ እያዩ ነበር። ከእኔ የበለጠ የሚጠነቀቁ እሳቸው ነበሩ። እኔ ነኝ ያጣደፍኳቸው።»

«ታዲያ ወዴት?» ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። «ወዴት ነበር፣ እማዬ?»

ልብስ ሰፊዋ ብርድ ልብሱን እስከ ወገቧ ገፋችው።

«የትም፣» አለች። «ክር ነበር የማየው።»

«የምን ክር?»

«የክር ክር ነዋ። ሱቅ ውስጥ ያለው አምፖል ቡኒውን ሁሉ ጥቁር ያስመስለዋል፤ አምፖሉን ቀይርልኝ ብዬ ይኼን ወንድምሽን ስለምነው ስንት ወር ሆነኝ! የአንድ ደንበኛዬን ኮት ልሰፋ ሁለት ክር ይዤ ወደ ብርሃን ወጣሁ። አንዱ በግራ እጄ፣ አንዱ በቀኝ እጄ። የቱ ከጨርቁ እንደሚገጥም እሱን ነው ግራና ቀኝ ሳይ የነበረው። ቀና ስል ይኼ ሰውዬ አውቶቡስ አቁሞልኛል።»

ጋሽ ይለፉ የወንበሩን መደገፊያ ያዘ።

«ሂድ አልኩት በእጄ፣» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እምቢ አለ። ደግሞ ሂድ አልኩት፣ ወደ ኋላም አልኩለት። እሱ እቴ! ከኋላው ያ ሁሉ መኪና ይጮሃል። ሰዉ በመስኮት ያየኛል። በእኔ የተነሳ ያ ሁሉ ሠራተኛ ከሥራው ሊቀር ነው። ምን ላድርግ? ተሻገርኩለት።»

ልጅቷ መዳፏን አፏ ላይ ጫነች፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ለራሷም የለየላት አይመስልም ነበር።

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ምን ብዬ? አውቶቡስ ቆሞልኝ እምቢ ማለት አፍሬ መንገድ ተሻገርኩ ልበላችሁ? ያኔማ እውነትም ጃጀች ትላላችሁ። ደግሞ ሰውዬው ለክፉ አላደረገው፣ እንዴት አድርጌ በእሱ ላላክክ?» ከዚያ ወደ ወንዱ ልጇ ዞረች። «ሰኞ የምትላቸውን ሰዎች አሁን ደውልና አትምጡ በላቸው። እዚሁ እየሰማሁ።»

ወንዱ ልጅ ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ ቁጥሩን ሲፈልግ ጣቱ ተሳሳተበት፣ ደግሞ ፈለገ። ደወለ። እናቱ እስኪጨርስ ድረስ ዓይኗን ከአፉ ላይ አላነሳችም።

ጋሽ ይለፉ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ሃያ ስድስት ዓመት ያሻገረው ሰው ሁሉ በፊቱ ይመላለስበታል፦ እጁን ያነሳለት፣ ጎንበስ ያለለት፣ እየሮጠ ያለፈለት። ስንቱ የራሱ ጉዳይ ማዶ ኖሮት እንደሄደ፣ ስንቱ ደግሞ እንዲሁ እንደተሻገረለት ማወቂያ የለውም። ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ሆነ፤ ከአፉ ሲወጣ ራሱም አፈረ።

«ሲያልፉ ግን... ጎንበስ ብለው አመስግነውኝ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ረጋ ብላ አየችው። ቁጣ አልነበረባትም፣ እሱ ነው የባሰው።

«ካላመሰገንኩህ የምትለቀኝ አልመሰለኝማ፣» አለችው። «መቆሙን ቁም፣ ወንድሜ። እጅህን ግን መሪው ላይ ተወው። መሻገር የፈለገ ራሱ ይሻገራል።»

ብርቱካኑን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ሃያ ደቂቃ ቀርቶት ነበር፣ ደረጃውን እየሮጠ ወረደ።