ዳገቱ አናት ላይ የወረደችው

ታዳሚው በፊልሙ ውስጥ ባለው አባት ላይ ሲያጉረመርም የዳይሬክተሯ ልብ ቅቤ ጠጣ። ስምንት ዓመት የለፋችበት ሥራ ሰመረላት ማለት ነው።

ታሪኩ የራሷ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ በጥንቃቄ ስለሚነዳ የሙያ ጓደኞቹ «ቀስ በል» እያሉ ከሚጠሩት ሹፌር አባቷ ጋር በጭነት መኪና ሦስት ቀን ተጓዘች። ፊልም መማር እንደምትፈልግ ስትነግረው ሳቀባት። ነገር ነገርን አነሳና ተጣሉ። አንድ ዳገት አናት ላይ፣ ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ፍሬን ሊፈትሽ ሲቆም «እወርዳለሁ» አለችው። «ውረጂ» አላትና ቁልቁል ነዳው። እሷም በዚያ በሚያልፍ አውቶቡስ ተሳፍራ አክስቷ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲህ በአባትና ልጅ መካከል ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ ወሬ የለም።

በፊልሙ አባትየው ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ይሄዳል። እዚህ ላይ አንዲት ሴትዮ «የድንጋይ ልብ» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። አጠገቧ የተቀመጠው የዳይሬክተሯ አባት ነበር። ልጁ ናት የጋበዘችው፤ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ አይቶ ይቅርታ እንዲጠይቃት ነው።

መብራት ሲበራ አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። አንድ ጋዜጠኛ እውነተኛ ታሪክ እንደሆነ ጠየቃት። አንዲት ነገር አልጨመርኩም አለች፣ አባቷን እያየች። እሱም ያጨበጭባል።

ደጅ ላይ ጠበቀችው። ሽማግሌው ኮቱን እየቆለፈ፣ የፊልሙ መኪና ልክ እንደሆነ፣ ተዋናዩ ግን ማርሽ አቀያየር እንደማያውቅበት ነገራት።

«ሌላ የምትለኝ የለም፣ አባዬ?»

«የተጫነ መኪና ቁልቁለት ከጀመረ መሀል ላይ አይቆምም፣ ልጄ። ታች ሜዳው ላይ አቆምኩት። ከዚያ ዳገቱን በእግሬ ተመለስኩ። ስደርስ የለሽም።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርከኝም?»

«የምታውቂ መስሎኝ። የሹፌር ልጅ አይደለሽ?»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ያቺው ሴትዮ ከአዳራሹ ስትወጣ አይታ አቀፈቻት፤ እንዲህ ካለ አባት መገላገሏ ደግ እንደሆነም ነገረቻት።

«አባቴ እሱ ነው» አለች ዳይሬክተሯ ወደ ሽማግሌው እያመለከተች። «ተመልሶ ነበር። ፊልሙ ውሸት ነው።»

ሴትዮዋ የምትገባበት ጠፋት።

«ኧረ ውሸትስ አይደለም» አለ አባትየው። «ያየችውን ነው የሠራችው።»

ይህን ሲል ቅር እንኳ አላለውም፤ እሷን የገደላት ይኸው ነው።