አሥራ አንድ ቢ እና እርጥቡ ሣር

ጢሙ አልጣበቅ አለ። ሔርሜላ የጥጡን ጢም በአንድ እጇ አገጯ ላይ ጫን አድርጋ ይዛ፣ በሌላው መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየች። የክፍሎች ቀን ነው፤ አዳራሹ በአራት ቀለም ተከፋፍሎ ይጮኻል። ቀይ የለበሱት አሥራ ሁለት ኤዎች ድራማቸውን ጨርሰው እየወረዱ ነው፤ ጭብጨባው ደግሞ ማብቂያ የለውም። ከኋላ የእሷ ክፍል፣ አሥራ አንድ ቢ፣ ቢጫ ቲሸርቱን ለብሶ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ እየደበደበ «ቢጫ! ቢጫ!» ይላል። ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ያዟት።

ያሸነፈ ክፍል በዞኑ ውድድር ትምህርት ቤቱን ይወክላል። ለእሷ ግን ከዚያም ይበልጥ ነበር። የድራማ ክበቡን የሚመሩት መምህር ዘካሪያስ እስከ ዛሬ ጽሑፍ የሚቀበሉት ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወንዶች ብቻ ነው። እሷ ሁለት ዓመት ሙሉ በሚኒ ሚዲያው የጠፋ ደብተርና የጠፋ ቁልፍ ስታስነግር ኖራ፣ የጻፈችው ነገር መድረክ ሲወጣ ዛሬ የመጀመሪያው ነው። ከተበላሸ ያው ወደ ጠፋ ቁልፍ ማስታወቂያዋ መመለሷ ነው።

ድራማው እንዲህ ነው። ላንቴ በምትባል የጋሞ መንደር ውስጥ ሁለት ጎረቤታሞች በመስኖ ውሃ ተራ ይጣላሉ። ወንድሙ የተደበደበበት ወጣት የጎረቤቱን ቤት ሊያቃጥል ዱላና ክብሪት ይዞ ይነሣል። አንድ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ይንበረከኩበታል፤ እሱ ግን ዘሏቸው አልፎ ቤቱን ያነዳል። ለካ ውስጥ የገዛ እህቱ ኖራለች! ሔርሜላ ይህን መጨረሻ እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትወደው፤ ራሷ ጽፋ ራሷ አልቅሳበታለች። ሽማግሌውን የምትጫወተውም ወንድ ጠፍቶ አይደለም፤ ንግግሩን እንደ እኔ የሚለው የለም ብላ ነው።

ወጣቱ አጵሎስ ነው፤ ከጋሞ ገጠር የኦቾሎ ልጅ፣ ከተማው ውስጥ ሲቀላ ሰፈር ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ ድምፁ ያለ ማይክ አዳራሽ የሚሞላ። በልምምድ ጊዜ በሣር ፋንታ የምትይዘው መጥረጊያ ስለነበር ሃያ ጊዜ ዘሎት አልፏል። ዛሬ ጠዋት ግን፣ ዳኞች እውነተኛ ነገር ይወዳሉ ብላ፣ ከቧንቧው ሥር ለምለም ሣር አጭዳ መጣች። ለአጵሎስ አልነገረችውም። ምን ይነገራል? ሣር ሣር ነው። የከተማ ልጅ ናትና አይፈረድባትም።

መጋረጃው ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያለ አንዳች እንከን አለፉ። አጵሎስ ዱላውን ነቅንቆ ስለ ወንድሙ ደም ሲምል ያ ሁሉ ሳፋ ጸጥ አለ። ሔርሜላ ወጥታ ተንበረከከችና ሣሩን በሁለት እጇ ዘረጋች። አጵሎስ እየሮጠ መጣ፣ መጣ፣ አንድ ክንድ ሲቀረው እግሩ ተተከለ።

«እለፈኝ» አለችው በጢሟ ሥር።

«እርጥብ ነው» አለ በሹክሹክታ።

«ድራማ እኮ ነው!»

«ድራማው ድራማ ነው። ሣሩ ግን ሣር ነው፤ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ በእኛ አገር አይታለፍም። አልዘልም።»

ቀዮቹ ረሳው፣ ረሳው እያሉ መሳቅ ጀመሩ። ሔርሜላ በንዴት ጆሮዋ ጋለ። ሣሩን ያመለጣት መስላ ወደ ኋላ ወርወር ብታደርገው እኮ ያበቃል፤ እሱ ያልፋል፣ ቤቱ ይነዳል፣ አዳራሹ ያለቅሳል። እጇም ቃጥቶት ነበር። ቀና ስትል ግን ዱላውን የያዘው እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ላቡ ከግንባሩ ሲወርድ አየች። በሦስት ሳምንት ልምምድ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ መንቀጥቀጥ አልሆነለትም ነበር። ከፊት ረድፍ የወላጅ ኮሚቴው ሽማግሌ ከወንበራቸው ተነሥተው ቆመዋል፤ ሊያዩ ከመጡት ወላጆች የሚስቅ አንድም የለም።

ሣሩን ከፍ አደረገችው።

«ልጄ» አለች፤ ይህ ጽሑፉ ላይ የለም። «መጀመሪያ የልብህን ንገረኝ።»

አጵሎስ በጋሞኛ ጀመረ፤ ከዚያ ወደ አማርኛ ዞረ። «ወንድሜ ውሃ ሊያጠጣ በእግሩ ወጥቶ ተሸክመነው ገባን፣ አባባ። እናቴ ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰችም። ምን ይዤ ልመለስላት?»

«እኔን ይዘህ ተመለስ» አለች ሔርሜላ። ከየት እንደመጣላት እሷም አታውቀውም።

አጵሎስ ዱላውን ጥሎ ፊት ለፊቷ ተንበረከከ። ከዚያ በኋላማ ምኑ ይነገራል! ቢጫው ሳፋውን ሊሰብር ደረሰ፤ ሲስቁ የነበሩት ቀዮች ሳይቀሩ ወንበር ላይ ወጥተው አጨበጨቡ። ሔርሜላ ጢሟ ወልቆ አንገቷ ላይ መንጠልጠሉን እንኳ ልብ አላለችም።

መጋረጃው እንደተዘጋ መምህር ዘካሪያስ ሰዓታቸውን እያዩ መጡ። የተፈቀደው አሥራ አምስት ደቂቃ ሲሆን እነሱ የተጫወቱት አሥራ አንድ ነው፤ በጎደለው ደቂቃ ልክ ነጥብ ይቀነሳል። ዳኞቹ ጽሑፉ ላይ ሌላ መጨረሻ እንዳለ አይተዋልና አሁኑኑ ከቀጠሉ ሊቆጥሩላቸው ፈቅደዋል። ካልሆነ ግን ቀዮቹ ሊበልጧቸው ይችላሉ።

«ሣሩን ተይውና ነጠላ ያዢ» አሏት። «ነጠላ ትዘላለህ አይደል፣ አጵሎስ?»

«ነጠላማ እዘላለሁ፣ ቲቸር» አለ አጵሎስ፣ ሔርሜላን ሰረቅ አድርጎ እያየ።

ከካርቶን ከተሠራው ቤት ጀርባ ሩሐማ ብቅ አለች። እህትየዋን የምትጫወተው እሷ ናት፤ ከግንባሯ እስከ አንገቷ አመድ ተቀብታ ተራዋን ስትጠብቅ ቆይታለች።

«እኔስ?» አለች። «መቼ ነው የምቃጠለው?»

ሔርሜላ አመድ የለበሰውን ፊቷን አየች፤ ከዚያ እጇ ላይ ያለውን ሣር። የምትወደው መጨረሻ አራት ደቂቃ ብቻ ነበር የሚፈልገው። ከመጋረጃው ማዶ ሳፋው አሁንም ይደበደባል።

«አልቋል ይበሏቸው፣ ቲቸር» አለች። «ነጥቡን ይቀንሱት።»

ወደ ሩሐማም ዞረች።

«አንቺ ደግሞ ፊትሽን ታጥበሽ ነይ፤ ተርፈሻል።»