ለነጻው ሶፍትዌር የላክነው ምስጋና

ጠበቃው ጥልፍ ቤቴ ገብቶ ወንበሬ ላይ የቀረውን ቁራጭ ክር በሁለት ጣቱ አነሣና ትል የነካ ይመስል መሬት ላይ ጣለው። ከዚያ ተቀመጠ። ገና አፉን ሳይከፍት አስጠላኝ።

«እናቴ፣ ይህን የጥልፍ ማሽን የሚያዘው ሶፍትዌር ውስጥ የደንበኛዬ ድርጅት ኮድ አለበት። የተሰረቀ ነው። የተጠቀመበትም በሕግ ይጠየቃል።»

«ነጻ ነው ተብዬ እኮ ነው!»

የጫነልኝ የእህቴ ባል ነው፤ ኮምፒውተር ይጠግናል። ያኔ «ማንም ይጠቀምበት ብለው የለቀቁት ነው፣ እትዬ» ብሎኝ ነበር። አሁን በሩ ጋ ቆሞ ስልኩን ይነካካል።

«አንተ! ያ ሁሉ አፍህ የት ገባ?»

«እኔማ ጫንኩ እንጂ አልሠራሁት።»

«የሠሩትስ?»

ጠበቃው ፈገግ አለ። «እነሱማ ኃላፊነት አንወስድም ብለው ጽፈዋል። እርስዎም እስማማለሁ የሚለውን ተጭነዋል።»

እሱን ጽሑፍ አንብቦ የተጫነ ሰው ካለ አምጡልኝ።

«ለመሆኑ ይቺን ጉሮኖ የምታህል ሱቅ ማን አሳያችሁ?» አልሁት ጠበቃውን።

የራሱን ስልክ አውጥቶ አንድ ፎቶ አሳየኝ። እኔው ነኝ፤ ሱቄ በር ላይ ቆሜ፣ በማሽኑ የጠለፍሁትን የመጀመሪያ የተማሪ ልብስ አርማ ይዤ እስቃለሁ። ከሥሩ «እናመሰግናለን» ይላል። ካልከፈልን እንኳ እናመስግን ብዬ ወደ ሶፍትዌሩ ሠሪዎች ገጽ ያስላክሁት በእህቴ ልጅ ነበር። ለካ እነዚህ ሰዎች እዚያ ገጽ ላይ አድብተው ያመሰገነውን ሁሉ ይለቅማሉ።

«እዚህ ላይ ይፈርሙ» አለ ጠበቃው ወረቀት ዘርግቶ። «ሳላስፈቅድ የሰው ንብረት ተጠቅሜያለሁ ይላል። ከዚያ የእኛን ሶፍትዌር ይገዛሉ፣ ክሱም ይቀራል። አለዚያ ማሽኑን እናሳግዳለን።»

ማሽኑ ከታገደ ትምህርት ቤቱ ያዘዘኝ የተማሪዎች አርማ በቀኑ አይደርስም። አርማው ካልደረሰ ደግሞ ሱቁ አለቀለት።

«ፈርሚና እንገላገል፣ እትዬ። ፊርማ ምን አላት?» አለ የእህቴ ባል። ከጠበቃው ይልቅ እሱ አስጠላኝ።

«የሰረቅሁትን አሳየኝና እፈርማለሁ» አልሁት ጠበቃውን።

«ኮዱ የድርጅቱ ምስጢር ነው። ለእርስዎ አይታይም።»

«አንተ የማታሳየኝን፣ እኔ ያላየሁትን ሰረቅሽ ትለኛለህ? ሌባ ነኝ ብዬ አልፈርምም። ውጣልኝ!»

«በመጥሪያ እንገናኛለን» ብሎ ሱሪውን እያራገፈ ወጣ። የተቀመጠበትን ወንበር በእርጥብ ጨርቅ ወለወልሁት።

የሰው ነው የተባለ ነገር ሱቄ ውስጥ አይደር ብዬ የእህቴን ልጅ ጠርቼ ሶፍትዌሩን አስጠፋኋት። ያለ እሱ ማሽኑ አይሠራምና ጸጥ አለ።

«አክስቴ፣ ፎቶውንም ላጥፋው?»

«ፎቶው ምን አደረገ? ሰጡኝ፣ አመሰገንሁ። ተይው።»

ከዚያ አባቷ ሹልክ ሊል ሲል ክንዱን ያዝሁና የአርማውን ጨርቅ ከነመርፌና ክሩ አስታቀፍሁት።

«ጫንኩ እንጂ አልሠራሁት አላልክም? ና፣ ቁጭ በልና አሁን ሥራ!»