ባዳቾ የሚቆጥራቸው ዓሦች

ባሌ ባዳቾ ኦቶና ሆስፒታል ሄዶ የዓይኑን ሞራ ካስገፈፈ ወዲህ ዓይኑን የሚፈትነው በዓሣ ነው። ልጃችን መሠረት የመስታወቱን አኳሪየም የገዛችለት ጊዜ ማሳለፊያ ይሁነው ብላ ነበር። እሱ ግን በየጠዋቱ ምግብ ይበትንና አምስቱ ዓሦች ወደ ላይ ሲመጡ ወንበሩ ላይ ሆኖ ይቆጥራቸዋል። አምስት ከሞሉለት ቁርሱን ደስ ብሎት ይበላል።

ቅዳሜ ጠዋት "ሁለት" አለ።

"ምኑ ነው ሁለት?"

"ሽታዬ፣ ዓይኔ ተመልሶ ሊጠፋ ነው። ሳምንቱን ሙሉ አንዴ አራት፣ አንዴ ሦስት ነበር። ደብቄሽ ነው።"

ክው አልኩ። እኔ ደግሞ ስደነግጥ እናደዳለሁ። "አንተ ሰውዬ፣ ከኔ ትደብቃለህ?" ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ እሱ በሚያይበት በኩል አየሁ። ወይ ጉድ! የመስታወቱ ላይኛው ክፍል እንደ ሻይ ማፍያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት ለብሷል። ሁልጊዜ ከላይ ስለማይ ልብ አላልኩትም።

ጥፋቱ የኔ ነው። ቧንቧ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር ውሃ መድፋት እንዴት ይሆንልኛል? በጎደለ ቁጥር የጉድጓድ ውሃ እየጨመርኩ ስምንት ወር አንድ ጣሳ ሳልደፋ ቆየሁ። ውሃው ሲተን ጨዉ እዚያው ተጋገረ።

"መስታወቱ ነው እንጂ ዓይንህ ደህና ነው" አልኩት።

"ሳላይ አላምንም" አለ። ቁርሱን ገፋ አደረገው፤ አንጀቴን በላው።

ዓሦቹን በሻይ ወንፊት እያወጣሁ ከገዛ ውሃቸው ጋር ሳፋ ውስጥ አደረግኳቸው። ውሃውን እየቀዳሁ ጓሮ ያለው ጎመን ላይ ደፋሁና ከታች ትንሽ አስቀረሁ። ሎሚ ቆርጬ የመስታወቱን ነጭ ቅርፊት አሸሁት፤ ሲለሰልስ በድሮ መታወቂያዬ ፋቅኩት። የሎሚው ጠብታ ወደ ውስጥ እንዳይገባ በእርጥብ ጨርቅ ደጋግሜ ጠረግኩ። ውሃ ሞልቼ አምስቱንም መለስኳቸው።

"በል ቁጠር።"

ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አንድ በአንድ ቆጠረ። "ስድስት።"

አሁን ደግሞ አንዱን ሁለት እያየ ነው! "ባዳቾ፣ አምስት ናቸው እኮ፤ በእጄ ነው ያወጣኋቸው። ሰኞ ኦቶና እንሄዳለን" አልኩ፤ እንባዬ መጣ።

ጣቱን መስታወቱ ላይ አደረገ። "ነይ፣ እዚህ ጋ እዪ።"

ምንም አልታየኝም። አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ሳይ፣ ሰሊጥ የምታክል ዓሣ ጭራዋን ትወዘውዛለች። ወልደዋል! ወንፊቱ አላወጣትም፤ ከታች ባስቀረሁት ውሃ ውስጥ ነበረች።

"እኔ ከወንበሬ ሆኜ ነው ያየኋት" አለ ባዳቾ፣ ቁርሱን ወደ ራሱ እየሳበ። "ሰኞ ኦቶና የምንሄደው ላንቺ ዓይን ነው።"