የመነጽር ማቆሚያው

ሽማግሌው ጥያቄያቸውን ያቀረቡት ነገሩ ብዙም የማያሳስባቸው መስለው ነበር። አናጢው ከሥራ ገብቶ በሩ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ፣ እሳቸው ሶፋው ጫፍ ላይ መነጽራቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። የማንበቢያው መነጽር አይደለም፤ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየው፣ ባለሁለት ቱቦው ነው።

«ከመሄዴ በፊት ለዚህ ነገር አንድ ማቆሚያ ብትሠራልኝ» አሉ። «እጄን እንደምታየው ነው። ጨረቃን ላያት ስል ጨረቃዋ ትደንሳለች።»

«እሺ አባባ» አለ አናጢው።

ያን ሰሞን ለእሱ እሺ ማለት ቀላል ነበር። ጠረጴዛ ሥራልን ቢሉት እሺ፣ ጣሪያህን አፍርስ ቢሉትም እሺ። ሚስቱ ታማ ከሞተችበት ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ሆኖ ነበር። ሽማግሌው የእሷ አባት ናቸው።

የሚሄዱት እሑድ ነው። ሌላ ከተማ የሚኖረው ወንድ ልጃቸው መኪና ይዞ መጥቶ ሊወስዳቸው ቆርጧል። «እህቴ ከሌለች አማች ቤት ምን ያደርጋሉ?» ብሎ ነበር፤ ክፋት አልነበረውም፣ ሰው ሁሉ የሚለውን ነው ያለው። በስልክ አናጢውን «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ ሲጠይቀው «እንደሚመቻችሁ» የሚል መልስ አገኘ። አናጢው ስልኩን ዘጋና ያቋረጠውን ጥፍር መቁረጥ ቀጠለ። ሽማግሌው አጠገቡ ተቀምጠው ስለነበር የመለሰውን ሰምተዋል።

ይሄ ሰው ልቡ ደንድኗል የሚል ካለ ሰፈሩ ውስጥ ብዙ አጋዥ ያገኛል። በቀብሩ ዕለት አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣውም። ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት ሴቶች አንዷ የተቀመጠችበት ወንበር ሲወዛወዝ አይቶ፣ ይቅርታ ጠይቆ አስነሳትና ቁጢጥ ብሎ የወንበሩን እግር ያጠብቅ ጀመር። ያ ወሬ ከቤት ቤት ሲዞር ከረመ። እሱ ግን ጨክኖ አልነበረም። ምንም አይሰማውም፣ በቃ። ጥርሱን ሊነቀል ማደንዘዣ የተወጋ ሰው ጉንጩን ሲነካው የሌላ ሰው ጉንጭ እንደሚመስለው፣ ለእሱም ቤቱ፣ አልጋው፣ የገዛ ድምፁ ሳይቀር የሌላ ሰው ይመስለው ነበር። ሽማግሌው ከሄዱ በዚያ ቤት ውስጥ የሚስቱን ስም የሚጠራ ሰው አይኖርም። ይህን ያውቃል። ያውቃል እንጂ አይሰማውም። ምንም ሳይሰማኝ «አይሂዱብኝ» ብላቸው ማታለል ነው ይላል በሆዱ።

መነጽሩን ለአባቷ የገዛችላቸው እሷ ነበረች። የእሳቸው እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምርም መላ የዘየደችው እሷ ናት። አመሻሽ ላይ ግቢው ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታቸው ትቆማለች፤ እሳቸው መነጽሩን ትከሻዋ ላይ ያሳርፉና ሰማዩን ይቃኛሉ። «አባባ ቶሎ በል፣ አንገቴን በላኝ» ስትላቸው «ዝም በይ፣ ማቆሚያ አያወራም» ይሏታል። አናጢው በመስኮት ሆኖ እያየ ይስቅ ነበር። መሳቁን አሁንም ያስታውሳል። ምኑ እንዳሳቀው ግን ጠፍቶበታል።

በማግሥቱ ጠዋት ሽማግሌውን የወጥ ቤት ወንበር ላይ አስቀምጦ ለካቸው። ቀጭን ጣውላ አጠገባቸው አቁሞ፣ በዓይናቸው ትክክል በእርሳስ አሰመረበት።

«ተቀምጬ ነው የማየው፣ አደራህን» አሉ ሽማግሌው። «ጉልበቴ መቆም እምቢ ብሏል።»

«ተቀምጠው ነው። ገብቶኛል።»

አናጢው በሰፈሩ «ሚሊሜትር» ይባላል። ስሙን ያወጣለት አጠገቡ የሚሠራው በያጅ ነው፤ የሚሊሜትር በር አንዴ ከተገጠመ ነፋስ እንኳ ፈቃድ ጠይቆ ነው የሚገባው እያለ ይቀልድበታል። በሥራ ዘመኑ ያበላሸውን እንጨት ቁጠር ቢሉት የአንድ እጅ ጣት ይበቃዋል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነው ጣውላዋን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ሥራ ቦታው የሄደው።

ከአልጋ ሥራ የተረፈ ወፍራም ቋሚ ነበረው። ላገው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ ሥሩ ላይ ሦስት እግር ገጠመለት። ከላይ የሚቀመጠውን አንገት ሲሠራ ትንሽ ተራቀቀ። በሁለት ክብ የብረት ሮንዴላ መሃል ከአሮጌ ቀበቶ የተቆረጠ ቆዳ አስገባና በብሎን አጠበቀው፤ ሲያዞሩት ይዞራል፣ ሲለቁት በተለቀቀበት ይቆማል። መነጽሩ ወደ ፊት እንዳይደፋ በአንገቱ የኋላ ጫፍ ላይ አሸዋ የሞላው ቆርቆሮ አንጠለጠለ። አሸዋውን በማንኪያ እየጨመረ፣ እየቀነሰ፣ ሚዛኑ እስኪጠበቅ ድረስ ቆየበት። እጆቹ እንደ ወትሮው ሥራቸውን ያውቃሉ። እሱ ብቻ ነው የሌለው።

በያጁ ጭንቅላቱን በበሩ አስገብቶ አየና «መትረየስ ነው?» አለ።

«የጨረቃ ማያ ነው።»

«ሰውዬ፣ ጨረቃን እኮ ቀና ካልክ ታያታለህ!»

አናጢው አልሳቀም። በያጁም ቀልዱን ውጦ ወጣ።

ቋሚውን በልኩ መቁረጥ ሲቀረው፣ አናጢው እንጨቱን ደረቱ ላይ አስደገፈ፣ በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫር አደረገበት፣ መጋዙን አነሳና ቆረጠ። ሽማግሌው የተለኩባት ጣውላ ግድግዳው ላይ እንደተደገፈች ቀረች። ዞር ብሎም አላያትም።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ማቆሚያውን ተሸክሞ ቤት ገባ። ሳሎኑ ውስጥ የሽማግሌው ሻንጣ ተዘግቶ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ በጎኑ አልፎ ግቢው ውስጥ አቆመው። ፀሐይ ጠልቃ ከጎረቤት አጥር በላይ ቀጭን ጨረቃ ወጥታ ነበር። ወንበር አመጣ፣ መነጽሩን አሰረ፣ ሽማግሌውን እጃቸውን ይዞ አስቀመጠ።

መነጽሩ ከራሳቸው በላይ ሆነ። ሽማግሌው አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። አልደረሱም።

ሚሊሜትር ጎንበስ ብሎ ይመረምር ጀመር። ወንበሩን አየ፣ ወንበሩ ያው የወጥ ቤቱ ነው። እግሮቹን አየ፣ መሬቱን አየ። ሌላ የሚሳበብበት ነገር አጣ።

«ለማን ነው የሠራኸው?» አሉ ሽማግሌው።

«ለርስዎ ነው እንጂ አባባ! ተሳስቼ... ቆይ፣ መጋዝ ላምጣ። አሁኑኑ አሳጥረዋለሁ።»

«ተወው!»

የወንበሩን መደገፊያ ይዘው፣ እየተንገዳገዱ ተነሡ። ያን የሚንቀጠቀጥ መዳፋቸውን ማቆሚያው አናት ላይ አሳረፉ። ብዙ ጊዜ ያሳረፉበት ከፍታ ነው።

«የልጄ ትከሻ ነው» አሉ። «ልኩን ከየት አመጣኸው?»

አናጢው እንጃ ሊል ነበር። ከዚያ ወደ ገዛ ደረቱ አጎነበሰ፤ ሸሚዙ ላይ እንጨቱን ባስደገፈበት ቦታ ሰጋቱራ ተጣብቋል። እሷ አጠገቡ ስትቆም ትከሻዋ የሚደርሰው እዚያ ነበር። እሱ ምንም አይሰማኝም እያለ ሲዞር፣ እጁ ገና ለእሷ ይለካ ነበር ማለት ነው። ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ጠቅ አደረገው። አመመው። በጣም አመመው፤ የሚያመው ነገር በማግኘቱም ደነገጠ።

ሽማግሌው ወንበሩን በእግራቸው ገፋ አድርገው ቆመው ወደ መነጽሩ ተጠጉ። ጉልበታቸው ግን እንዳሉት እምቢ አለ። አናጢው ከኋላ ደርሶ በአንድ ክንዱ ወገባቸውን አቀፈ።

«ያዝከኝ?»

«ይዤዎታለሁ።»

«እንግዲያው ዝም በል።»

ዝም አለ። ሽማግሌው አዩ፤ የማቆሚያውን አንገት ዝቅ ከፍ እያደረጉ አዩ። ጨረቃዋ ላይ ያሉትን ጉድጓዶች ጥርት አድርገው ሲያዩ «እህ» እያሉ ለራሳቸው ያጉረመርማሉ። ሰውነታቸው እንዴት እንደቀለለ አናጢው ያስተዋለው ያኔ ነው። ጎናቸው በክንዱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ እንዲህ ሆነው ነገ እዚያ ማን ይይዛቸዋል ብሎ አሰበ።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። በነፃ እጁ አውጥቶ ጆሮው ላይ አደረገው። የሚስቱ ወንድም ነው።

«ነገ በጠዋት እደርሳለሁ። የአባባ ዕቃ ተሸክፏል?»

«ማቆሚያው አላለቀም» አለ አናጢው። ሥራ አሳድሮ የማያውቅ ሰው፣ ያለቀውን ዕቃ ፊቱ አቁሞ እንዲህ አለ። ሽማግሌው መነጽሩ ላይ እንደተደፉ አልተነቃነቁም።

«ለዚህ ነው እንዴ? እዚህ አናጢ ሞልቶ! እናስጨርሰዋለን። ምን ቀረው?»

አናጢው ምን ቀረው ለሚለው መልስ ፈለገ። ቫርኒሽ ሊል አሰበ፤ ቫርኒሽ ሰው አያስቀርም። አፉን ሲከፍት የወጣው ሌላ ነገር ነበር።

«አባባን አትውሰድብኝ።»

ድምፁን ራሱ አላወቀውም። ይህን እንዳለ እንባው መጣ፤ በቀብሩ ዕለት የቀረው፣ ከዚያም ወዲህ የቀረው ሁሉ አንድ ላይ መጣ። አንድ እጁ ስልክ፣ ሌላ እጁ ሰው ይዟልና ሊጠርገው አልቻለም። በአገጩ በኩል እየተንጠባጠበ የሽማግሌውን ኮት ትከሻ አራሰው።

«አንተ... እያለቀስክ ነው?» አለ የሚስቱ ወንድም፤ የእሱም ድምፅ ተለወጠ። «አባባስ ምን ይላሉ?»

አናጢው መናገር ስላልቻለ ስልኩን ወደ ሽማግሌው ጆሮ አስጠጋ። እሳቸው ዓይናቸውን ከመነጽሩ አላነሡም።

«አሁን አይመቸኝም ልጄ» አሉ። «ነገም አይመቸኝም።»